ዋዛ ያልሆነው ዋዛ፦ ከሰም ሲሊንደር እስከ ዲጂታል ጊታር ፕሮሰሰር

በአማርኛ «ዋዛ» ስንል ቀልድ፣ ቁም ነገር የሌለው ጉዳይ ማለታችን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ተጉዛችሁ አሶሳ ስትደርሱ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዞ ይጠብቃችኋል። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆነው በበርታ ዘንድ ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። የተቆረጡ ቅሎች አንዱ በሌላው ላይ እየተሰኩ ይረዝማሉ፤ ትልልቆቹ የሰው ቁመት ያህላሉ። የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው፦ አንድ ዋዛ የሚሰጠው በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ እንዲወጣ አሥርና ከዚያ በላይ ሰዎች ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ በተራው፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት የራሱን ድምፅ ጣል ማድረግ አለበት። ዜማው ያለው በማንም እጅ አይደለም፤ በሁሉም መሃል ነው።

እስቲ አሁን አንድ ነገር አስቡ። አሶሳ ውስጥ ጊታር የምትጫወቱ ወጣቶች ናችሁ እንበል። ዲጂታል ጊታር ፕሮሰሰር አላችሁ፤ ያቺ በእግር እየተረገጠች የጊታሩን ድምፅ የምትለዋውጠው ሳጥን። ኦዲዮ ኢንተርፌስም አላችሁ፤ ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ሌላዋ ሳጥን። ጊታራችሁን ከዋዛ ጋር አዋሕዳችሁ መቅረጽ ትፈልጋላችሁ። የቱ ገመድ የት ይሰካ? ለምንስ እዚያ ይሰካ? መልሱን ከመመሪያ ደብተር ላይ መሸምደድ ይቻላል። ታሪኩን ያወቀ ሰው ግን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳና እያንዳንዱ ቁልፍ እዚያ የተገኘበት ምክንያት አለውና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት የሰም ሲሊንደሮች

በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ደብዳቤ ሳይሆን ድምፅ ላኩ። መልእክቱ የተቀረጸው በሰም ሲሊንደር ላይ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ተናጋሪው ወደ ቀንድ መሳይ ጡሩምባ ይናገራል፤ የድምፁ ግፊት ቀጭን ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑ ላይ የተያያዘች መርፌ ደግሞ እየተሽከረከረ ባለው ሰም ላይ መስመር ትጭራለች። ሲሊንደሩን መልሳችሁ ስታሽከረክሩት መርፌዋ በዚያው መስመር ሄዳ ሽፋኑን ታንቀጠቅጠዋለች፤ ድምፁም ይመለሳል። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም።

በ1899 ምኒልክና ጣይቱም በበኩላቸው ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ላኩ። የሁለቱ ሲሊንደሮች ዕጣ ግን ለየቅል ሆነ። የቪክቶሪያ መልእክት ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ በተደረገው ስምምነት መሠረት ጠፋ። የምኒልክና የጣይቱ ግን ተርፎ እስከ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል፤ በመቶ ሃያ ምናምን ዓመቱም ይደመጣል። ይህችን ልዩነት በልባችሁ ያዙ፤ ዝቅ ብለን እንመለስባታለን።

በ1908 ደግሞ ተሰማ እሸቴ በርሊን ሄዶ ሲዘፍን ድምፁ በሸክላ ተቀረጸ። በዚያ ዘመን የነበረው የቀረጻ ዘዴ አሁንም በቀንድ የሚሠራው ነው። ድምፅህ ጎላ ካለ ትቀረጻለህ፤ ቀጠን ካለ ትቀራለህ። መሣሪያው ማንን እንደሚሰማና ማንን እንደማይሰማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመርጥ ነበር ማለት ነው።

ጃኩ ከቴሌፎን ቤት ነው የመጣው

የጊታር ገመዳችሁን ጫፍ ተመልከቱት። ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ሾል ያለ። ይህ ቅርጽ ለጊታር ተብሎ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። መነሻው የቴሌፎን ማዞሪያ ሰሌዳ ነው። በ1878 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ የመጀመሪያው የንግድ ቴሌፎን ማዞሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ደዋዩን ከተደዋዩ ጋር በእጅ ማገናኘት ግድ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ለዚሁ ሥራ በቶሎ የሚሰካና የሚነቀል፣ በቀን ብዙ ጊዜ ቢሰካ የማይላላ መሰኪያ ተበጀ። ኦፕሬተሮቹ ሰሌዳው ፊት ተቀምጠው ገመድ ሲነቅሉና ሲሰኩ ይውሉ ነበር።

እኛም አገር ቴሌፎን ብዙ አልዘገየም። የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚቆጠረው ከ1894 ነው፤ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ቀስ በቀስ ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ ከዚያም የጊታር ሠሪዎች ያንኑ የቴሌፎን መሰኪያ ተዋሱ። ስለዚህ ዛሬ ፕሮሰሰራችሁን ስትሰኩ የምትሠሩት ሥራ የድሮዋ ኦፕሬተር ትሠራው የነበረውን ነው፦ አንዱን ተናጋሪ ከአንዱ ሰሚ ጋር ማገናኘት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ቀዳዳው አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ በውስጡ የሚያልፈው ሲግናል አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም። የብዙ ጀማሪዎች ችግር የሚመነጨው ከዚህች ነጥብ ነው።

የጊታር ሲግናል ለምን ደካማ ሆነ?

በ1831 ማይክል ፋራዳይ ማግኔት በሽቦ ጥቅልል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ ይኸው ሐሳብ ጊታር ላይ ተገጠመ፤ ቅርጹ መጥበሻ ስለሚመስል «ፍራይንግ ፓን» የተባለው የሪከንባከር ጊታር ተሠራ። ከብረት ክሮቹ ሥር ማግኔትና በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ፒካፕ ይባላል። ክሩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ ሽቦውም ያንኑ ርግብግቢት የያዘ ትንሽ ቮልቴጅ ያወጣል።

«ትንሽ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ተራ ፒካፕ የሚያወጣው የቮልት ክፍልፋይ ነው። በዚያ ላይ የዚያ ሁሉ ሽቦ የራሱ ተቃውሞ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በ5 ሺህና በ15 ሺህ ኦም መካከል ነው። ተቃውሞው 10 ሺህ ኦም የሆነ ፒካፕ፣ ተቃውሞው 10 ሺህ ኦም በሆነ መግቢያ ላይ ቢሰካ ምን ይሆናል? ቮልቴጁ ለሁለት ይካፈላል፤ ግማሹ እዚያው ጊታሩ ውስጥ ይቀራል። ይባስ ብሎ የሽቦ ጥቅልል ለቀጫጭን ድምፆች የበለጠ ስለሚቃወም፣ ቀድሞ የሚሞተው የጊታሩ ጥራት ነው። ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ የጊታር መግቢያ 1 ሚሊዮን ኦም ገደማ እንዲሆን ይደረጋል። ኢንተርፌሳችሁ ላይ «ኢንስት» ወይም የጊታር ምልክት ያለባት ቁልፍ ሥራዋ ይኸው ነው።

ፕሮሰሰሩስ? ፕሮሰሰሩ የጊታሩን ደካማ ሲግናል ተቀብሎ፣ አጎልብቶና ቀይሮ ነው የሚያወጣው። መውጫው ላይ ሲግናሉ ጠንካራ ነው፣ ተቃውሞውም ዝቅተኛ ነው። ይህ «ላይን» የሚባለው ደረጃ ነው፤ በባለሙያ ዕቃዎች 1.23 ቮልት አካባቢ፣ በቤት ዕቃዎች ደግሞ 0.3 ቮልት አካባቢ ተብሎ የተለመደ ነው። ለዚህ «ኢንስት» አያስፈልገውም።

ራስ ሆቴል፣ 1976

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1976፣ በደርግ ዘመን፣ አይቤክስ ባንድ በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ሙዚቃ ቀረጸ። ጊታሩን የያዘው ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ነበር፤ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ። ቀረጻውን የመራው በዚያን ጊዜ ከብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጋር ይሠራ የነበረ ስዊድናዊ ባለሙያ ሲሆን፣ መሣሪያው ባለ አራት ትራክ የክር መቅረጫ ነበር።

«ባለ አራት ትራክ» ማለት ምን ማለት ነው? አንዱ የክር ሪባን በአራት ጎን ለጎን መስመሮች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ መስመር የተለየ ድምፅ ይቀመጣል። ከበሮውን ከጊታሩ ለይታችሁ ከቀረጻችሁ፣ በኋላ ከበሮው በዝቷል ካላችሁ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፤ ጊታሩ አይነካም። አራት መስመር ብቻ ስላለ ግን ማን ከማን ጋር መስመር እንደሚጋራ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። የዛሬው ትንሽ ኢንተርፌስ ሁለት መግቢያ ሲኖራት የምትሰጣችሁ ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ላይ የትራክ ቁጥር እንደፈለጋችሁ መደራረብ መቻላችሁ ነው።

ድምፅ ቁጥር ሲሆን

ክርና ሰም ድምፁን በቅርጹ ይይዙታል። ዲጂታል መሣሪያ ግን ይቆጥረዋል። በየቅጽበቱ «አሁን ቮልቴጁ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን በቁጥር ይጽፋል። ስንት ጊዜ ቢጠይቅ ይበቃዋል? ሃሪ ናይኲስት በ1928፣ ቭላዲሚር ኮተልኒኮቭ በ1933፣ ክሎድ ሻነን በ1949 ያሳተሟቸው ሥራዎች የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፦ መያዝ ከምትፈልገው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ። የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ይሰማል፤ ስለዚህ በሴኮንድ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ለምን በትክክል 44,100 ሆነ? ምክንያቱ የቪዲዮ ካሴት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ቀረጻዎች ቁጥሮቻቸውን የሚያስቀምጡት በቪዲዮ ክር ላይ ነበር። በአሜሪካና በጃፓን ቪዲዮ በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ በያንዳንዱ 245 መስመር፣ በየመስመሩ 3 ቁጥር ሲቀመጥ 44,100 ይመጣል። በአውሮፓ ደግሞ 50 ጊዜ፣ 294 መስመር፣ 3 ቁጥር፤ አባዙት፣ ያው 44,100። ሲዲ በ1982 ገበያ ሲወጣ ይህንኑ ቁጥር ወረሰ፤ የእናንተ ኢንተርፌስም እስከ ዛሬ ድረስ በምርጫ ዝርዝሯ ላይ ታስቀምጠዋለች።

የቁጥሩ ዝርዝርነት ሌላ ጉዳይ ነው። በ16 ቢት እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ይይዛል፤ በ24 ቢት ከ16,777,216 አንዱን። ደረጃው ከበዛ ሲግናሉን ዝቅ አድርጋችሁ ብትቀርጹም ጥራቱ አይጎድልም። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነጻነት ነው፦ «ጎላ ካላደረግሁት ይበላሻል» የሚለው ጭንቀት የክር ዘመን ጭንቀት ነው። በዲጂታል የሚያበላሸው ተቃራኒው ነው። ቁጥሩ ከጣሪያው ካለፈ ሞገዱ አናቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን መልሶ የሚቀጥል የለም።

እንግዲህ እንሰካ

ታሪኩን ይዘን አሁን ገመዱን ብናነሳ፣ ነገሩ ራሱን በራሱ ያስረዳል።

መጀመሪያ ድምፁን ሁሉ ዜሮ አድርጉ። ጊታሩ ወደ ፕሮሰሰሩ መግቢያ ይገባል፤ ይህ የፒካፕ ሲግናል ስለሆነ ቦታው እዚያ ነው። ከፕሮሰሰሩ መውጫ ወደ ኢንተርፌሱ ላይን መግቢያ ውሰዱት። «ኢንስት» ትጥፋ፤ ለኮንደንሰር ማይክ የምትሆነዋ የ48 ቮልት ቁልፍም ትጥፋ። ስቴሪዮ ከፈለጋችሁ ሁለቱንም መውጫዎች፣ ካልፈለጋችሁ «ሞኖ» የተጻፈበትን ብቻ ተጠቀሙ። በጣም ጠንክራችሁ ስትመቱ ጠቋሚው ከጣሪያው በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ላይ እንዲደርስ መግቢያውን አስተካክሉ።

ሁለተኛ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የስፒከር ሳጥን ማስመሰያ ክፈቱ። የጊታር ስፒከር ቀጫጭን ድምፆችን በተፈጥሮው ያጠፋል። በቀጥታ ስትቀርጹ ስፒከር የለም፤ ማስመሰያው ካልተከፈተ ዲስቶርሽኑ እንደ ንብ መንጋ ይጮኻል።

ሦስተኛ፣ ብዙ ፕሮሰሰሮች የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው፤ ራሳቸውም ኢንተርፌስ ናቸው። በዩኤስቢ ብትሰኩት ሲግናሉ ወደ ቁጥር የሚለወጠው አንዴ ብቻ ነው። በገመድ ወደ ሌላ ኢንተርፌስ ብትወስዱት ግን ቁጥር ይሆናል፣ ወደ ቮልቴጅ ይመለሳል፣ እንደገና ቁጥር ይሆናል። በዛሬ ዕቃዎች ይህ ዙር የሚያደርሰው ጉዳት በጆሮ አይለይም ማለት ይቻላል። ጊታር ብቻ ከሆነ የምትቀርጹት ዩኤስቢው ይበቃል። ማይክም አብሮ ከገባ ግን ሁሉም በአንድ ኢንተርፌስ በኩል ቢያልፍ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ዲጂታል መሣሪያ የራሱ ሰዓት አለው፣ ሁለት ሰዓቶች ደግሞ ቀስ በቀስ ይለያያሉ።

አራተኛ፣ እዝዝዝ የሚል ወፍራም ድምፅ ከሰማችሁ እሱ የመብራት ኃይሉ ድምፅ ነው፤ የእኛ መስመር በ50 ሄርዝ ነው የሚሠራው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት፤ ወይም ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩት። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ሳጥኑ የማያውቀው ነገር

ጊታሩ ተቀረጸ እንበል። ዋዛውስ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩም ኮምፒውተሩም ባዶ ሳጥን አይደሉም፤ የሠሪዎቻቸውን ጆሮ ይዘው ነው የመጡት። ማስተካከያው ቱነር ላ ድምፅን በ440 ሄርዝ ላይ አድርጎ ነው የሚጠብቅ፤ ይህ በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ የተስማሙበት ቁጥር ነው። ኦክታቩንም በ12 እኩል ደረጃ ይከፍለዋል። የዋዛ ነፊዎች ግን በዚያ ጉባኤ ላይ አልነበሩም። ቅሉ የሚቆረጠው ከሌሎቹ ቅሎች ጋር እንዲስማማ እንጂ ከቱነር ጋር እንዲስማማ አይደለም። የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ብትከፍቱበት፣ ያልተሳሳተውን «ያርመዋል»። ጩኸት መቁረጫው የትንፋሹን ጅማሬ ይበላዋል። ምትን በመስመር ላይ የሚደረድረው ቁልፍ ደግሞ ነፊዎቹ እርስ በርስ የሚሰጣጡትን ሕይወት ያለው ተራ ያደርቀዋል። ሁሉም ይጥፉ። ጊታራችሁን ለዋዛው ቃኙ እንጂ ዋዛውን ለጊታር አትቃኙ።

ሌላው ጥያቄ ትራክ ነው። «እያንዳንዱን ነፊ ለየብቻ እንቅረጽ» ብትሉ ወዲያው ትቸገራላችሁ፤ አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ሰው ሌሎቹ በሌሉበት መቼ እንደሚነፋ በምን ያውቃል? በዚህ ጥያቄ ላይ ትልቅ ሥራ የሠራ ሰው አለ። ሲምሃ አሮም በ1970ዎቹ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ከባንዳ ሊንዳ ሕዝብ ጋር ሠርቷል። የእነሱም ጡሩምባዎች ልክ እንደ ዋዛ በነፍስ ወከፍ አንድ ድምፅ ነው የሚሰጡት። አሮም መጀመሪያ ሙሉውን ቡድን ቀረጸ። ከዚያ የመጀመሪያው ነፊ በሄድፎን እያዳመጠ የራሱን ክፍል ብቻውን ነፋ። ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን እየሰማ ነፋ፤ እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው። ይህን ያደረገው በሁለት የክር መቅረጫዎች ነው። በዚህ መንገድ የሙዚቃው አሠራር ክር በክር ተፈታ፤ ውጤቱም በ1985 በመጽሐፍ ወጣ።

ልብ በሉ፣ አሮም ያኔ በክር የሠራውን እናንተ ዛሬ ባለ ሁለት መግቢያ ኢንተርፌስ፣ ላፕቶፕና ሄድፎን ይዛችሁ ትሠሩታላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት እንጂ፦ መጀመሪያ ሙሉው ቡድን በተለመደው ቦታው፣ እየተንቀሳቀሰ፣ በሁለት ማይክ ስቴሪዮ ይቀረጽ። ዋናው ሰነድ እሱ ነው። ተነጣጥሎ የሚቀረጸው ከዚያ በኋላ፣ ለጥናትና ለቅንብር ነው። የጊታሩ ተራም ያኔ ይመጣል።

የማን ድምፅ፣ የት ይቀመጥ?

ስለ ዋዛ ምንም አልተቀረጸም ማለት አይደለም። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ብሉ ናይል፣ የጉሙዝ፣ የበርታና የኢንገሰና ሙዚቃዎች በሮበርት ጎትሊብ ተቀርጸው በሸክላ ወጥተዋል። ኢትዮጵያዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ትምክህት ተፈራም በበርታ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላይ ሠርታለች። ነገር ግን አንድ የአሶሳ ልጅ የአያቱን ሙዚቃ ለመስማት የውጭ አገር መዝገብ ማንኳኳት ካለበት፣ ነገሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ከሁለቱ ሲሊንደሮች አንዱ የተረፈው ሰሙ የተሻለ ስለነበረ አይደለም፤ ያስቀመጠው ሰው ስለነበረ ነው። የእናንተም ፋይል እንደዚያው ነው። በ24 ቢትና በ48 ሺህ ሄርዝ ስቴሪዮ ብትቀርጹ አንድ ደቂቃ 17 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የግማሽ ሰዓት ጨዋታ 520 ሜጋባይት አይሞላም። ይህ ዛሬ በአንዲት ፍላሽ ውስጥ ጥግ የምትይዝ ነገር ናት። ስለዚህ ዋናውን በኤምፒ3 አትጨምቁት፤ በዌቭ ይቀመጥ። በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይኑር፤ አንደኛው ቅጂ ያለ ጥርጥር በነፊዎቹ እጅ ይሁን።

ከመቅረጻችሁ በፊት አባቶችን ጠይቁ፦ ይህ ዜማ መቼ ነው የሚነፋው? ለሰው ጆሮ ሁሉ የሚለቀቅ ነው? ፈቃዳቸው ከተገኘ፣ ቀረጻው ሲጀምር አንዳችሁ ማይኩ ፊት ቆማችሁ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የዜማውን ስምና፣ እነሱ ከወደዱ፣ የእያንዳንዱን ነፊ ስም በድምፅ ተናገሩ። ወረቀት ይጠፋል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለ ድምፅ ግን ከሙዚቃው አይለይም። ከዚያ ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከክልሉ የባህል ቢሮ ጋር ስለ ሌላ ቅጂ ተነጋገሩ።

ይህ ሁሉ ከተሟላ፣ ጊታሩን ማንሳት ይቻላል። ቱነሩን አጥፉና መጀመሪያ ትልቁን ዋዛ አዳምጡ፤ የመጀመሪያውን ክር ለእሱ ቃኙ።